ከባቲ እስከ ኦኪናዋ፤ በጭፍራ መንገድ የሚሰማው ዜማና የጃፓን ተወዳጅ ዘፈኖች

የወሎን ደጋ ለቅቆ ከወልዲያ በሐራ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ የአፋርን ምድር የሚረግጠው በጭፍራ ሲሆን፣ ጭፍራን አልፎ ሚሌ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከዚያም በሎግያና በሰመራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ከሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጋር ይጋጠማል። ደገኛውና ቆለኛው ለዘመናት እህሉን፣ ከብቱንና ጨውን ሲለዋወጡ የኖሩት በዚህና ከዚህ በስተደቡብ በባቲ በኩል በሚወርደው መንገድ ስለሆነ፣ ጭፍራ ሁለት የዜማ ዓለሞች የሚዋሰኑባት ከተማ ናት፤ ከምዕራቧ በክራርና በማሲንቆ የሚታጀበው የወሎ ዜማ አለ፣ ከምሥራቋ ደግሞ ብዙ መሣሪያ ሳይሻ በሰው ድምፅ፣ በጭብጨባና በእግር ምት ራሱን ችሎ የሚቆም የአፋር ዜማ አለ።

ቀኑ መሽቶ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ በዋናው መንገድ ዳር ከሚቆሙት አይሱዙዎች ጋቢና የሚወጣው ድምፅ ከፊሉ ትዝታ፣ ከፊሉ የወሎ መንዙማ፣ ከፊሉ የአፋርኛ ዘፈን ነው፤ ሹፌሩ ከደሴ ወይም ከወልዲያ የመጣ እንደሆነ የመጀመሪያዎቹ፣ ከሎግያ ወይም ከሰመራ የመጣ እንደሆነ የመጨረሻው ያመዝናል። የመኪናው ስም የጃፓን መሆኑን የማያውቅ የለም። ብዙም የማይታወቀው፣ ከዚያው ጋቢና የሚወጣው የወሎ ዜማ ድምፅ በድምፅ ሲመዘን፣ በጃፓን እጅግ የተወደዱ በርካታ ዘፈኖች ከተሠሩባቸው የድምፅ ቅንብሮች ጋር አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህ ተመሳሳይነት ለመገረም ያህል ብቻ ተጠቅሶ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያን ዜማ አሠራር ከውጭ ለማየት ከሚያስችሉት መስኮቶች ሁሉ የተሻለው ምናልባት ይኸው ነውና በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል።

ቅኝት የሚባለው ክራር መቺው ጅማቶቹን ወይም አውታሮቹን የሚያስተካክልበት፣ ዘፋኙም ዜማውን የሚያወርድበት የተወሰነ የድምፆች ስብስብ ሲሆን፣ በአማርኛ ዘፈን ውስጥ የታወቁት አራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ከዶ እስከ ሲ ያሉትን ሰባት ድምፆች መነሻ አድርጎ ለማስረዳት ያህል፣ ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ እና ላ ነው፤ ከነዚህ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ሙዚቀኞች ትዝታ ማይነር የሚሉት፣ ሐዘን የሚጫነው ቅኝት ይገኛል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ እና ሲ ሲሆን፣ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ እና በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው፤ ባቲ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የምታገናኝ የቆላ በር ከተማ ስትሆን፣ አምባሰል በደቡብ ወሎ ያለ አምባና አገር ነው። የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ከፒያኖ ድምፅ ጋር ፍጹም በትክክል እንደማይገጥም፣ ዘፋኙም አንዱን ድምፅ እንደ ስሜቱ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርገው መዘንጋት ባይገባም፣ የቅኝቶቹ አጽም ይህ ነው።

በጃፓን በኩል ይህን አጽም ለማግኘት ሚሶራ ሂባሪን መስማት ይበቃል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በግንቦት 1937 በዮኮሐማ የተወለደችው ሂባሪ፣ አገሯ በጦርነት ተሸንፋ ከተሞቿ አመድ በሆኑበት ዘመን፣ ገና በ12 ዓመቷ በ1949 ሸክላ አስቀርጻ በፊልም የታየች፣ ከዚያም እስከ ሞተችበት እስከ ሰኔ 1989 ድረስ የጃፓን ሕዝብ የራሱን ድምፅ የሰማባት ዘፋኝ ነበረች፤ መንግሥትም ከሞተች በኋላ የሕዝብ ክብር ሽልማትን ሲሰጣት ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። በ1966 ያወጣችውና በመጠጥ ቤት ብቻዋን የተቀመጠችን ሴት ስብራት የሚያዜመው «ካናሺይ ሳኬ» («የሐዘን መጠጥ») የተባለው ዘፈኗ፣ መድረክ ላይ ስታዜመው ዕንባዋ ይወርድ ስለነበር ጭምር የሚታወስ ሲሆን፣ ዜማው የተሠራው በትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች ነው። የዜማው ደራሲ ኮጋ ማሳኦ ይህን የሐዘን ቅንብር ከ1931 ጀምሮ በጊታር እያጀበ ለሸክላ ዘፈን ያለማመደ ሰው ነበር፤ የእርሱ የጊታር መግቢያዎች ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ክራር መቺ ዘፋኙን ከማስገባቱ በፊት የሚያንጎራጉረውን መንደርደሪያ በቀጥታ ያስታውሳሉ። የእነዚህ ዘፈኖች ዘውግ ኤንካ ይባላል።

ኤንካ አጀማመሩ ከፍቅርና ከመጠጥ ጋር የተያያዘ አልነበረም። በ1880ዎቹ፣ የሕዝብ መብት እንዲከበር የሚታገሉ ጃፓናውያን አደባባይ ላይ ንግግር እንዳያደርጉ ሲከለከሉ፣ ንግግራቸውን ወደ ዜማ ለውጠው መንገድ ለመንገድ ማሰማት ጀመሩ፤ ስያሜው መጀመሪያ የዋለው ለዚህ ዓይነቱ ዘፈን ሲሆን፣ ስለ መለያየት፣ ስለ ትውልድ መንደር ናፍቆትና ስለ ተሰበረ ልብ ለሚያወሱት ዘፈኖች መለያ ሆኖ የጸናው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ወሬን፣ ሙግትንና የጎሳ ጉዳይን በግጥምና በዜማ ማድረስ ለአፋር ሰው እንግዳ አይደለም። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን በሥርዓት የሚለዋወጥበት ዳጉ የአፋር ማኅበረሰብ የመረጃ ሥርዓት እንደሆነ ሁሉ፣ ግጥምና ዘፈንም የጎሳን ክብር፣ የግመልን ውዳሴና የጦርን ዜና ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ያደርሳሉ፤ ጅንሌ በሚባለው ጨዋታ ደግሞ ወንዶች ክብ ሠርተው በጭብጨባና በቅብብሎሽ ዜማ መካከላቸው ያለውን ሰው እያጋጋሉ ስለሚመጣው ጊዜ ይጠይቁታል። በመሆኑም የኤንካን አመጣጥ ለመረዳት ከደጋው አዳማጭ ይልቅ የጭፍራው አርብቶ አደር ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጃፓን አምስቱን ድምፅ ወደ ዘመናዊ ዘፈን ያስገባችበት መንገድ የመንግሥት ሥራ ነበር። በ1869 የሳትሱማ ግዛት ወጣቶች በዮኮሐማ ከብሪታንያዊው ጆን ዊልያም ፌንተን የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ተማሩ፤ በ1879 ደግሞ መንግሥት ኢሳዋ ሹጂን ኃላፊ አድርጎ የሙዚቃ ጥናት ጽሕፈት ቤት አቋቋመና የአውሮፓን ሙዚቃ ከአገሬው ዜማ ጋር የሚያስታርቅ የትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ ዕርቅ የወጣው፣ ከሰባቱ የአውሮፓ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን የሚተወው ቅንብር፣ ዮናኑኪ ይባላል፤ ፋ እና ሲ ሲቀነሱ የሚቀሩት ደግሞ የሙሉው ትዝታ አምስት ድምፆች ናቸው። ሁለት ትውልድ ያህል በትምህርት ቤት ይህን ሲዘምር ያደገ ሕዝብ የሸክላ ኢንዱስትሪው ሲመጣ በዚያው ቅንብር የተሠራውን ዘፈን እንደ ራሱ አድርጎ መቀበሉ አያስደንቅም።

ኢትዮጵያም ነሐሱን የተቀበለችው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የመጡት የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የእነርሱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሠራው ሥራ፣ እንዲሁም የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ልዩነቱ በትምህርት ቤቱ ላይ ነው። በጃፓን አምስቱ ድምፅ በመጽሐፍ ታትሞ ወደ ሕፃናት አፍ ሲገባ፣ በኢትዮጵያ ቅኝት ከአዝማሪና ከክራር መቺ ጆሮ በቀጥታ ወደ ሳክስፎኑና ወደ ኦርጋኑ ተሻገረ፤ የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ዘፈን ያን ሁሉ የቅላፄ ነፃነት የያዘውም፣ አጥር የሚያበጅ የመማሪያ መጽሐፍ በመካከል ስላልገባ ይመስላል።

ከጃፓን ዘፈኖች መካከል ዓለምን ያዳረሰው አንዱ ግን የኤንካ ዘፈን አልነበረም። በ1941 በካዋሳኪ የተወለደው ሳካሞቶ ኪዩ፣ ኤይ ሮኩሱኬ በግጥም፣ ናካሙራ ሃቺዳይ በዜማ የደረሱለትንና በ1961 የወጣውን «ኡዬ ኦ ሙይቴ አሩኮ» የተባለ ዘፈን በፉጨት እያጀበ የተጫወተ ወጣት ነበር። ገጣሚው ጃፓን ከአሜሪካ ጋር የገባችውን የጸጥታ ስምምነት ለመቃወም በ1960 የተደረገው ሰልፍ ከንቱ ሲቀር የተሰማውን ቁጭት፣ ዕንባው እንዳይፈስ ቀና ብሎ ብቻውን በሚራመድ ሰው አምሳል ጻፈው፤ የዜማው መክፈቻም ፋንና ሲን ሳይነካ በሙሉው ትዝታ ድምፆች ላይ ይንሸራሸራል፣ ወደ መካከሉ ሲደርስ ግን ከአምስቱ ወጣ ብሎ የአሜሪካውን የዘመኑን ዘፈን ጠባይ ይይዛል። ይኸው ዘፈን በሰኔ 1963 ለሦስት ሳምንት የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በጃፓንኛ ተዘፍኖ እዚያ የደረሰ ሌላ ዘፈን እስከ ዛሬ የለም። የእንግሊዝ ነጋዴዎች የጃፓንኛውን ርዕስ መጥራት ይከብዳል ብለው «ሱኪያኪ» የሚል፣ ከግጥሙ ጋር የማይገናኝ የሥጋ ወጥ ስም ሰጥተውት ስለነበር፣ የዓለም አዳማጭ ስለ ምን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ ነው የወደደው። ሳካሞቶ ነሐሴ 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ሲበር ተራራ ላይ በተከሰከሰውና 520 ሰዎች ባለቁበት አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ ዕድሜው 43 ነበር።

የውጭ ዘፈን ለአፋር ምድር ግኝት ስም ያወጣበት አጋጣሚም በዚህ ረገድ መነሳት ይገባዋል። በኅዳር 1974 በሐዳር፣ በአዋሽ ተፋሰስ፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ያገኙት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ለዓለም ሉሲ የሆነው ያን ሌሊት በካምፑ በቴፕ ሲጫወት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ድንቅነሽ ብለዋታል። በዚያው ሸለቆ በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ፣ የአርዲፒቴከስ ራሚደስን የመጀመሪያ ጥርስ በታኅሣሥ 1992 ያገኘው ደግሞ ጃፓናዊው ተመራማሪ ስዋ ገን ነው። ጃፓን ለአፋር የመኪና ስም ብቻ ሆና አልቀረችም፤ ለኢትዮጵያ ሊቃውንትም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ቶኪዮን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ከጻፉበት ጊዜ ጀምሮ፣ ራሷን ሳትለቅ የሠለጠነች አገር ምሳሌ ነበረች። ይሁንና ከእነዚህ ግንኙነቶች አንዱም የዜማውን ተመሳሳይነት አያስረዳም፤ የወሎ ቅኝቶች ከዚህ ሁሉ በፊት የነበሩ ናቸውና።

ታዲያ ከምን መጣ? ለሙሉው ትዝታ መልሱ ቀላል ነው። አንድ አውታር ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ቢያዝ ከዶ ሶን ይሰጣል፤ ከሶ በዚሁ ስሌት ሬ፣ ከሬ ላ፣ ከላ ሚ ይገኛል፣ አምስቱም ተሰበሰቡ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቅንብር ከቻይና እስከ ስኮትላንድ፣ ከሱዳን እስከ አንዲስ ተራሮች መሰማቱ የአውታርና የጆሮ ተፈጥሮ ያመጣው እንጂ አንዱ ከሌላው የቀዳው አይደለም። አምባሰልና ባቲ ግን ግማሽ ድምፅን በውስጣቸው ስለያዙ ይህ ስሌት አይበቃቸውም፤ እነርሱን ለማስረዳት ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ያዘጋጀው፣ ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን ስለ አገሩ ዜማ ሲጽፍ የነበረው የቶኪዮው የሙዚቃ ሊቅ ኮይዙሚ ፉሚዮ (1927–1983) ነው። ኮይዙሚ በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ የጃፓን ዜማ በመጀመሪያ የሚቆመው ከዶ እስከ ፋ ባለው ርቀት ሁለት ጫፎች ላይ እንደሆነ፣ በእነዚህ ሁለት የማይናወጡ ድምፆች መካከልም አንድ ተንቀሳቃሽ ድምፅ እንደሚገባ፣ የዜማው ጠባይ የሚወሰነውም ያ መካከለኛ ድምፅ ወደ ታችኛው ወይም ወደ ላይኛው ጫፍ በመጠጋቱ እንደሆነ አሳየ።

መካከለኛው ድምፅ ወደ ታችኛው ጫፍ ተጠግቶ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ ሲሆን፣ ይኸው ቅርጽ ከሶ እስከ ላይኛው ዶ ሲደገም፣ ሻሚሰን በሚባለው የአውታር መሣሪያ የሚታጀበው የጃፓን ከተሞች ዘፈንና በዓለም የታወቀው «ሳኩራ» የተባለ ዜማ የተሠሩበት ሚያኮቡሺ የሚባል ቅንብር ይገኛል፤ ይህም አምባሰል ነው። ተቃራኒው ሲደረግ፣ ማለትም መካከለኛው ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠግቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ሲሆንና ይኸው ሲደገም፣ ከዋናዋ ጃፓን በስተደቡብ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ዜማ ይወጣል፤ ይህም ያለ አንዳች ልዩነት የባቲ አምስት ድምፅ ነው። ኮይዙሚ ያገኘው ሕግ ሁለቱን የወሎ ቅኝቶች የአንድ አሠራር ሁለት ፊቶች አድርጎ ያሳያል፤ አምባሰል ወደ ታች የሚስብ፣ ባቲ ወደ ላይ የሚገፋ። የአምባሰል እንጉርጉሮ መሬት መሬት የሚያይ፣ የባቲ ዘፈን ደግሞ ቀና ያለ የሚመስለው አዳማጭ፣ ስሜቱ ባዶ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ ማስረጃ ያገኛል።

ኦኪናዋና የባቲ በር የሚያመሳስላቸው ሌላ ነገር አለ፤ ሁለቱም ጦር ያለፈባቸው ምድሮች ናቸው። በ1945 ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በኦኪናዋ በተደረገው ውጊያ ከደሴቲቱ ነዋሪ ሩብ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። የያማናሺ ተወላጅ የሆነው፣ ዘ ቡም የተባለው ባንድ ዘፋኝ ሚያዛዋ ካዙፉሚ፣ በዚያ ውጊያ ላለቁት የሂሜዩሪ ተማሪ ልጃገረዶች መታሰቢያ የሆነውን ሙዚየም ጎብኝቶ በ1992 «ሺማ ኡታ» («የደሴት ዘፈን») የተባለውን ዘፈን አወጣ፤ ሳንሺን በሚባለው ባለ ሦስት አውታር የኦኪናዋ መሣሪያ የታጀበው ይህ ዘፈን በ1993 በመላው ጃፓን ተወዳጅ ሆነ፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላም አርጀንቲናዊው አልፍሬዶ ካሴሮ በጃፓንኛ ደግሞ አዜመው። የዘፈኑ መግቢያ ለባቲ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደራሲው የሠራው አንድ ነገር ነው፤ ግጥሙ በሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ የተገናኙት ሁለት ሰዎች በሞት የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ፣ ሚያዛዋ የኦኪናዋውን ቅንብር ሆን ብሎ ትቶ ወደ ዋናዋ ጃፓን ቅንብር ይሻገራል፤ ሰዎቹን ለዚያ ሞት ያበቃው የዋናዋ ጃፓን ጦርነት ነውና በደሴቲቱ ድምፅ ሊያዜመው አልፈቀደም። ቅኝት ስሜት ማሳመሪያ ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንዳደረገ መናገሪያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ዘመናዊ ዘፈን ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ጭፍራ ራሷ የጦር ግንባር ሆና ሕዝቧ ተሰድዶና ቤቷ ፈርሶ ነበር፤ በደጋውና በቆላው ድንበር ላይ ለሚኖር ዜመኛ ከባቲ ወደ ትዝታ፣ ከክራር ወደ አፋር ጭብጨባ መሻገርን የመሰለ መናገሪያ በእጁ እንዳለ መጠቆም ተገቢ ነው።

አምስቱ ድምፅ አንድ መሆናቸው አዘፋፈኑን አንድ አያደርገውም። የኤንካ ዘፋኝ የአንድን ድምፅ ጫፍ በፍጥነት የምታወዛውዝበት ኮቡሺ የሚባል ጥበብ አለ፤ ሂባሪ ይህን የምትጠቀመው ቆጥባ፣ ድምፁን መጀመሪያ ቀጥ አድርጋ ይዛ መጨረሻው ላይ ብቻ በማርገብገብ ነው። የወሎ ዘፋኝ ደግሞ ገና ቃሉን ሲጀምር ድምፁን እያጠፈና እያርገበገበ ይገባና ሐረጉን በረዥም ትንፋሽ ያሳርፋል፣ ማሲንቆውም ጥላው ሆኖ ይከተለዋል። በመንዙማ ይህ ሁሉ በድቤና በጀማው ተቀባይነት ይታጠራል፤ በአፋር ዘፈን ደግሞ አንድ አውጪ ያወጣውን ብዙ ሰው በአንድ ጉሮሮ ስለሚመልሰው፣ ለብቸኛው ዘፋኝ ጌጥ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ሲሆን ኃይሉ ያለው በምቱ ላይ ነው። የጭፍራ ወጣቶች ዛሬ በኪቦርድ የሚያጅቡት የአፋርኛ ዘፈን ከወሎና ከአፋር ልማዶች መካከል ቆሞ የራሱን መንገድ እየፈለገ ነው፣ በወደብ በኩል የሚመጣው የጅቡቲ ዘፈንም ይረዳዋል።

ነገሩን በእጁ መሞከር ለሚፈልግ ክራር መቺ መንገዱ አጭር ነው። ክራሩ በትዝታ ማይነር የተቃኘ ከሆነ የሂባሪን «ካናሺይ ሳኬ» ለመምታት አንድም አውታር መንካት አያስፈልገውም። ከዚያ ወደ አምባሰል፣ ማለትም ወደ «ሳኩራ»፣ ለመሄድ ሬን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ሚ ወደ ፋ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ሁለት አውታር ብቻ ነው። ከሙሉው ትዝታ ወደ ባቲና ወደ ኦኪናዋ ለመድረስ ደግሞ ሬን ወደ ሚ፣ ሚን ወደ ፋ፣ ላን ወደ ሲ ያነሳል። አራተኛው ቅኝት፣ አንቺ ሆዬ፣ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶ እና ላ በመሆኑ፣ ከአምባሰል ተነስቶ ሶን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ላ ከፍ በማድረግ ይገኛል፤ ነገር ግን ሶ ከቦታው እንደተነቃነቀ የኮይዙሚ ሁለት እኩል ክፍሎች ይፈርሳሉ፣ የላይኛው ክፍል የሚቆምበት ጽኑ ምሰሶም ይጠፋል። የጃፓን ተወዳጅ ዘፈን እስከዚህ ድረስ አብሮ መጥቶ እዚህ ላይ ይቆማል፤ አንቺ ሆዬን የሚመስል ቅንብር በሂባሪም፣ በሳካሞቶም፣ በኦኪናዋም ዘፈኖች ውስጥ አይገኝም፣ ወደዚያ የሚሻገረው የወሎ ክራር ብቻውን ነው።